በወላይታ ሶዶ ማኅበራት ዘንድ ዕጩ የሚጠቆምበት ልማድ

ስለ ማኅበራት አመራር የሚጻፉ ጽሑፎች ድምፅ እንዴት እንደሚሰጥና እንደሚቈጠር በሰፊው ሲገልጹ፣ ድምፅ የሚሰጥባቸው ሰዎች አስቀድመው በማን አፍና በምን መንገድ እንደ ተጠሩ ብዙ ጊዜ ሳይመረምሩ ያልፋሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ በሚገኙ ዕድሮችና የሙያ ማኅበራት ዘንድ ያለውን የጥቆማ ልማድ ገልጾ፣ የምርጫው ፍሬ ነገር ከቈጠራው ይልቅ በጥቆማው ላይ መሆኑን ማስረዳት ነው።

1ኛ፤ ታሪካዊ መነሻ

የወላይታ ሕዝብ በቀድሞ ዘመን «ካዎ» በሚባል ንጉሥ ይተዳደር ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ድል ሆነው እስከ ተማረኩ ድረስ የአገሩ ሹማምንት ሥልጣናቸውን ከካዎው ይቀበሉ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ቢሆን ሹመት ከበላይ የሚወርድ ነገር ሆኖ ቈየ። በዚህ ረገድ ወላይታ በደቡብ በኩል ከሚጐራበተው ከጋሞ ደጋ ይለያል። በጋሞ «ሀላቃ» የሚባለው ሹም የሚሰየመው ሕዝቡ «ዱቡሻ» በሚባለው የሸንጎ ቦታ ተሰብስቦ ከመከረ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ማርክ አቤሌስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የኦቾሎን ሸንጎ በዝርዝር አጥንቷል። ሀላቃነት ክብር ቢሆንም ለሕዝብ ድግስ መደገስን የሚያስከትል ስለሆነ፣ የተመረጠው ሰው ክብሩን የሚቀበለው ከነሸክሙ ነው።

እንግዲህ በወላይታ ተራው አባወራ መሪውን ከእኩዮቹ መካከል ጠርቶ የሚሾምበት ልማድ እንዲስፋፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ዕድር ነው። በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ በገቡት ሚስዮናውያን ትምህርት የተነሡት አብያተ ክርስቲያናትም ሽማግሌዎቻቸውን ከምእመናን መካከል ሲመርጡ ኖረዋል። ዕድር በኻያኛው ምዕተ ዓመት ከከተሞች ዕድገት ጋር ተስፋፍቶ ወደ ገጠር የዘለቀ ማኅበር ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ማኅበራት የጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ነበር። ከዚያም በኋላ በአገሪቱ በልዩ ልዩ ክፍል ጥናት ከተደረገባቸው መንደሮች አንዱ በወላይታ የሚገኘው ጋራ ጎዶ ነው።

2ኛ፤ በዕድር ዘንድ

የዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ምርጫ የሚያደርገው በተለመደው አሠራር ሒሳብ ተሰምቶ ነባሩ ኮሚቴ ከወረደ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ጥቂት አስመራጮች ይሰየማሉ። እነርሱም «ጠቁሙ» ባሉ ጊዜ አንድ አባል ተነሥቶ የሌላውን ስም ይጠራል፤ ሌላውም «እደግፋለሁ» ይላል። የተጠቆመው ሰው ግን በዝምታ አይቀበልም። ከመቀመጫው ተነሥቶ ሥራ እንደሚበዛበት፣ ጤናው እንደማይፈቅድ፣ ከእርሱ የሚሻሉ ሰዎች እንዳሉ በመናገር ይቅርታ ይለምናል። ጉባኤው «አይሆንም» ይለዋል፤ እርሱም ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እጅ በማውጣት ድምፅ ይሰጣል።

ይህን ማንገራገር ከንቱ ይሉኝታ አድርጎ መገመት ስሕተት ነው። የዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ደመወዝ የላቸውም። ሞት በተሰማ ጊዜ በሌሊት ይጠራሉ፤ የሌላውን ገንዘብ ይጠብቃሉ፤ ድንኳኑ ቢቀደድ፣ ወንበሩ ቢጐድል የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ሹመቱን የሚለምን ሰው ከገንዘቡ አንድ ነገር ፈልጎ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው የአማርኛ ተረት ይህን ጥርጣሬ በአጭሩ ይገልጸዋል።

ነገር ግን በጉባኤው መካከል ተነሥቶ ስም የሚጠራው ሰው ሐሳቡን በዚያች ሰዓት ያፈለቀ መስሎ ቢታይም፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ አስቀድሞ የተመከረበት ነው። በለቅሶ ቤት፣ በቡና ላይ፣ ከጸሎት ሲመለሱ፣ በወላይትኛ «ጭማ» የሚባሉት ሽማግሌዎች «ማን ይሻላል?» ይባባላሉ። ጉባኤው የሚያጸድቀው በአመዛኙ ይህን ምክር ነው።

3ኛ፤ በሙያ ማኅበራት ዘንድ

ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይታ በ1993 ዓ.ም. ራሷን የቻለች ዞን ስትሆን ሶዶ ዋና ከተማዋ ሆነች። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመባት። በዚህም ምክንያት የመምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የሕግ ሰዎች ቍጥር ጨመረ፤ በማኅበር የመደራጀቱም ጉዳይ አብሮ ሰፋ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ደንግጓል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1113 ደግሞ የሙያ ማኅበራትን በስም ጠቅሶ፣ በአባላት ለሚቋቋም ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤውን የበላይ አካል ያደርጋል። ዕድርና ዕቁብን ግን ከአዋጁ ውጭ ትቷቸዋል። ዕጩ እንዴት ይቀርባል የሚለው ዝርዝር የሚገኘው በየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ አባላቱ ከዕድር ያመጡት ልማድ ይገባበታል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል። በእንግሊዝና በአሜሪካ በብዙ የሙያ ማኅበራት የዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ የሚባለው ከጉባኤው በፊት ሰዎችን መርምሮ የስም ዝርዝር ያቀርባል። በእኛ አገር የተለመደው አስመራጭ ኮሚቴ ግን ጥቆማውን ከመድረክ የሚቀበልና ድምፁን የሚቈጥር ነው። የመመርመሩ ሥራ በደንብ ለታወቀ አካል ስላልተሰጠ፣ ቀደም ብለው ለተማከሩት ወዳጆች ይቀራል።

በዕድር ማንገራገር ወንፊት ነው፤ ሸክሙን ለጥቅም የሚሻውን ያጣራል። በሙያ ማኅበር ግን የቦርድ አባልነት ስብሰባ መጓዝን፣ በባለሥልጣን ፊት መደመጥን፣ አንዳንድ ጊዜም አበልን ሊያስገኝ ይችላል። ሹመቱ ከሸክምነት ወደ ጥቅም ሲያዘነብል ወንፊቱ መጋረጃ ይሆናል፤ በልቡ የሚሻው በአፉ እንቢ ይላል፤ ጠቋሚው የማን ልሳን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምን ሊሠራ እንዳሰበ ግን የሚጠይቀው አይገኝም።

4ኛ፤ ስማቸው የማይጠራ

የጥቆማን ኃይል ከሁሉ ይልቅ የሚገልጹት ያልተጠቆሙት ናቸው። በብዙ ዕድር የሚመዘገበው የቤቱ አባወራ ስለሆነ፣ ለሐዘን ቤት እንጀራና ወጥ የምታዘጋጀው ሚስት ከዕጩዎቹ ተራ አትገባም፤ ሴቶች የየራሳቸውን ዕድር ከሚያቋቁሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በወላይታ «ጭናሻ» የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችም ከሌላው ጋር በጋብቻና በማዕድ ተለይተው የኖሩ ናቸው። ደንቡ አይከለክላቸውም፤ ስማቸውን የሚጠራ ሰው እስካልተነሣ ድረስ ግን የመምረጥ እንጂ የመመረጥ መብት በሥራ አይገለጽላቸውም። «ሹመት በተርታ፣ ሥጋ በገበታ» ቢባልም ተራው የሚደርሰው ለተጠራ ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ የምንረዳው የዕድሩ ልማድ መጥፎ መሆኑን ሳይሆን፣ በቦታው ጥሩ የሆነ ልማድ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ሥራውን ሊለውጥ እንደሚችል ነው። የሙያ ማኅበራት ጥቆማው ከጉባኤው ቀናት አስቀድሞ በጽሑፍ፣ በጠቋሚውና በዕጩው ፊርማ እንዲቀርብ ቢደነግጉ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይናቁ ምክራቸው ወደ ብርሃን ይወጣል። ይህን ጉዳይ የሚያጠኑ ተማሪዎችም ከቃለ ጉባኤው ላይ የድምፁን ቍጥር ብቻ ገልብጠው እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ፤ ማን ማንን እንደ ጠቆመ፣ ማን እንደ ደገፈ፣ በዚያም ቀን ተቀምጦ ሳለ ስሙ ያልተጠራው ማን እንደ ነበረ ይጠይቁ።