የከባድ አካል ጉዳት ክስ በኢትዮጵያ

የከባድ አካል ጉዳት ክስ አንድ ሰው አስቦ በሌላው አካል ወይም ጤና ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል ተብሎ የሚቀርብበት የወንጀል ክስ ነው። መሠረቱ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 ነው። ሕይወትን አደጋ ላይ የጣለ፣ ጤናን ለዘለቄታው የጎዳ፣ ዋና የአካል ክፍልን ያጎደለ ወይም መልክን በጉልህ ያበላሸ ጉዳት በዚህ ሥር ይወድቃል። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ወይም ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ነው። ቀላል የአካል ጉዳት (አንቀጽ 556) ለብቻው ተደንግጓል።

ያለ ጁሪ

በእንግሊዝና በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ከባድ ክስ ብዙውን ጊዜ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች (ጁሪ) ሰምተው ጥፋተኛነቱን ይወስናሉ። በኢትዮጵያ ግን ፍሬ ነገሩንም፣ ሕጉንም፣ ቅጣቱንም የሚወስነው ዳኛ ነው። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት በችሎት የተገኘ ሰው አስተያየት ይሰጥ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዚህ ቦታ አልሰጠም። በምትኩ ዳኛው የማስረጃውን ፍሬ ሐሳብ፣ የተቀበለበትን ወይም ያልተቀበለበትን ምክንያት በፍርዱ ውስጥ እንዲጽፍ ያስገድደዋል (አንቀጽ 149)። ጁሪ ምክንያቱን አይናገርም፤ ዳኛ ግን ዝም ሊል አይችልም።

የክርክሩ ሂደት

ክሱ ለተከሳሹ ከተነበበለትና ቃሉን ከሰጠ በኋላ ዐቃቤ ሕግ የግል ተበዳዩን ጨምሮ ምስክሮቹን፣ የሐኪም ማስረጃውንም ያቀርባል። ተከሳሹ ወይም ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃል። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ በነፃ ይሰናበታል (አንቀጽ 141)፤ ካስረዳ ግን እንዲከላከል ብይን ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያከራክረው ጉዳቱ መድረሱ አይደለም፤ ሐሳቡ ነው። በገጀራ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቢተርፍ፣ አድራጊው ያሰበው ማቁሰል ነው ወይስ መግደል? ሁለተኛው ከሆነ ወንጀሉ የግድያ ሙከራ ይሆናል፤ ተራ የሰው ግድያ (አንቀጽ 540) ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሰው ልብ አይታይምና ዳኛው መሣሪያውን፣ የተመታውን የአካል ክፍል፣ የምቱን ብዛትና ከድርጊቱ በፊትና በኋላ የተባለውን ይመዝናል። በግድያ ሙከራ የተከሰሰ ሰው ማስረጃው የሚያሳየው ከባድ የአካል ጉዳትን ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ባይከሰስም በቀላሉ ወንጀል ሊፈረድበት ይችላል (አንቀጽ 113)። ራሴን ተከላከልሁ የሚል ክርክር ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ይታያል።

ቋንቋና ሽምግልና

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በአሶሳና በሌሎች የክልሉ አካባቢዎች ግን ቤርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የአፍ መፍቻ የሆኑላቸው ሰዎች ይኖራሉ። ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተሰጥቶታል። «መታሁት» እና «ልገድለው መታሁት» በሚሉት ቃላት መካከል ዓመታት እስራት ስላለ፣ የአስተርጓሚው ችሎታ ተራ ነገር አይደለም።

ሽማግሌዎች ቢያስታርቁም የከባድ ጉዳት ክስ በተበዳዩ ይቅርታ ብቻ አይቀርም። ሆኖም ከልብ መጸጸትና ካሳ መክፈል ቅጣት ማቅለያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይግባኝ

በፍርዱ ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኝ ማለቱን በ15 ቀን ያሳውቃል። የተከሳሹን በነፃ መለቀቅ በመቃወም ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ጁሪ ነፃ ባለበት አገር ይህ በአብዛኛው አይፈቀድም።