ሞደምና መስመሩ፦ የኢንተርኔትን ፍጥነት የሚወስነው የትኛው ነው?

ኮምፒውተር መረጃን የሚይዘው በዜሮና በአንድ ምልክቶች ሲሆን፣ እነዚህን ምልክቶች በሽቦ፣ በአየር ወይም በብርሃን አማካይነት ወደ ሩቅ ቦታ የሚያደርሰው መሣሪያ ሞደም ይባላል። ስሙ ሞዱሌተርና ዲሞዱሌተር ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ ሞዱሌተር ዜሮና አንዱን በሞገድ ላይ የሚጭነው፣ ዲሞዱሌተር ደግሞ የመጣውን ጭነት ከሞገዱ አራግፎ ለኮምፒውተሩ የሚያስረክበው ክፍል ነው።

ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 በኢትዮጵያ ለሕዝብ ሲቀርብ አብሮት የመጣው ሞደም ዳያል አፕ የሚባለው፣ በመደበኛ ስልክ ቁጥር ደውሎ የሚገናኘው ዓይነት ነበር። የስልክ መስመር ለሰው ድምፅ የተሠራና በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያሉትን ሞገዶች ብቻ የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ የዚህ ሞደም ፍጥነት ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነበር። በዚህ ፍጥነት አምስት ሜጋ ባይት የሚመዝን አንድ ፎቶግራፍ ለማውረድ 12 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜም ስልኩ ስለሚያዝ መደወል አይቻልም ነበር።

ይህን ችግር ያቃለለው ኤዲኤስኤል የተባለው ቴክኖሎጂ ያንኑ የመዳብ ሽቦ ሳይለውጥ፣ ድምፅ ከሚጠቀምባቸው በላይ ያሉትን ከፍተኛ ሞገዶች ለመረጃ ያውላል። ስፕሊተር የተባለች ትንሽ ዕቃ ድምፁንና መረጃውን ስለምትለያቸው በአንድ መስመር ላይ በስልክ እየተነጋገሩ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። ይሁንና ከፍተኛ ሞገድ በመዳብ ሽቦ ላይ ሲጓዝ ቶሎ ስለሚደክም፣ ከቴሌ ጣቢያው የራቀ ቤት በቅርብ ካለው ያነሰ ፍጥነት ያገኛል፤ የረጠበ ወይም የላላ ሽቦም እንዲሁ መስመሩን ያቆራርጣል።

ፋይበር ይህን ድክመት ያስቀረው እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ መረጃውን በብርሃን እየላከ ነው። በቤት ውስጥ የሚተከለው መሣሪያ ተጠቃሚው በልማድ ሞደም ቢለውም ባለሙያዎች ኦኤንቲ ይሉታል፤ ሥራውም ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት መመለስ ነው። ክሩ ከመጠን በላይ ከታጠፈ ብርሃኑ ስለሚያመልጥ፣ የቤት ዕቃ ሲገፋ ወይም በር ሲዘጋ እንዳይጨፈለቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው ዓይነት ሲም ካርድ የሚገባበት ገመድ አልባ ሞደም ሲሆን፣ በኮምፒውተር ጎን ከሚሰካው ዶንግል አንሥቶ ለብዙ ሰው ዋይፋይ እስከሚያድለው ሳጥን ይደርሳል። የአራተኛው ትውልድ (4ጂ) የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም.፣ አምስተኛው ደግሞ በሙከራ ደረጃ በ2014 ዓ.ም. ተጀምረዋል። የዚህ ሞደም ፍጥነት በአንቴናው ርቀትና በአንድ ጊዜ በሚጠቀመው ሰው ብዛት ይወሰናል። ነባር መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ረጃጅም ሕንፃዎች በተተኩበት በአዲስ አበባው ልደታ ሰፈር ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፤ በብረት የተጠናከረ የኮንክሪት ግድግዳ ሞገዱን ስለሚያደክመው፣ መሣሪያውን ከሳሎን ጥግ ወደ መስኮት ማዛወር ብቻ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ሌላ ጉዳይ የሞደምና የራውተር ልዩነት ነው። ሞደም ቤቱን ከውጭው መስመር ጋር ያገናኛል፤ ራውተር ግን የገባውን ኢንተርኔት በቤት ውስጥ ላሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ያከፋፍላል። ዛሬ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳጥን ውስጥ ስለሚሠሩ ልዩነታቸው ቢደበዝዝም፣ ዋይፋዩ ተገናኝቶ ኢንተርኔት የማይሠራ ከሆነ ስልኩ ራውተሩን አግኝቷል ማለት ስለሆነ፣ ችግሩ በአብዛኛው ከሞደሙ ወይም ከውጭው መስመር ይፈለጋል።

ስለዚህ አዲስ ሞደም ለመግዛት ያሰበ ሰው ስለ ሳጥኑ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ወደ ሕንፃው የገባው መስመር መዳብ ይሁን ፋይበር፣ ገመድ ከሌለም በቤቱ ውስጥ የትኛው ኔትወርክ በደንብ እንደሚይዝ ያጣራ። ለፋይበር የተሠራ መሣሪያ በመዳብ ሽቦ ላይ አይሠራም፤ ውድ ሞደምም ደካማ መስመርን አያፈጥንም።