ልጓሙ ለማሽኑ ነው

እቁቡ የፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት ክፍል ሌሊት ሠራተኞች እቁብ ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይወጣል። ለዓመታት በመተማመን ብቻ ሲሄድ ቆይቶ በቅርቡ አዲስ ደንብ ወጣለት፤ ዕጣ የደረሰው አባል ገንዘቡን የሚቀበለው ሚስቱ ወይም አንድ ዋስ አጠገቡ ሲቆም ብቻ ነው። ምክንያቱን የጠየቀ እንግዳ መጀመሪያ የሚያገኘው ዝምታ ነው። ቆይቶ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አውቶማት በላው» ይላል።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረው ያ አጭር መልስ ነው። በጀርመን አገር፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ቀን ሳይቀር ደንብ ባለው ከተማ፣ አንድ የቁማር ማሽን የሰው ዕጣ ሲበላ ሕጉ የት ነበር?

ሕጉማ ነበር። እንዲያውም ማሽኑን እንደ ጀርመኖች በሳንቲምና በሰከንድ ቆጥሮ ያሰረ አገር ጥቂት ነው። በመጠጥ ቤት ጥግና በቁማር አዳራሽ ያለው ማሽን አንድ ጨዋታ ቢያንስ 5 ሰከንድ እንዲፈጅ ይገደዳል። በዚያ 5 ሰከንድ ከ20 ሳንቲም በላይ ማስያዝ፣ ከ2 ዩሮ በላይም ማሸነፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተሻሻለው የጨዋታ ደንብ ተጫዋቹ በአንድ ሰዓት ከ60 ዩሮ በላይ እንዳይከስር፣ ከ400 ዩሮ በላይም እንዳያተርፍ ወሰነ፤ ቀድሞ ኪሳራው እስከ 80 ዩሮ ይፈቀድ ነበር። ማሽኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ 5 ደቂቃ ያርፋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሳል። አንዴ ተጭነውት ብቻውን እንዲሮጥ የሚያደርገው ቁልፍም በዚሁ ማሻሻያ ቀርቷል።

ማሽኑ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ዓይነቱን መርምሮ የሚያጸድቀው የፌዴራሉ የፊዚክስና የቴክኒክ ተቋም ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ብራውንሽቫይግ የሆነው ይህ ተቋም የጀርመንን ሕጋዊ ሰዓት የሚጠብቅ ነው። የአቶም ሰዓቶቹ ምልክት የሚሠራጨው ደግሞ ከፍራንክፈርት ብዙም ከማትርቀው ከማይንፍሊንገን ነው፤ የስንቱ ሰው የግድግዳ ሰዓት በዚያ ምልክት ይታረማል። የአገሪቱን ሰዓት የሚያስተካክል መሥሪያ ቤት የቢራ ቤቱ ማሽን አምስቷን ሰከንድ መጠበቁን እንዲያጸድቅ መደረጉ፣ አስቂኝም ቢሆን፣ የሕጉን መንፈስ በደንብ ያሳያል። ቁጥጥሩ የማሽን ቁጥጥር ነው።

ዕጣው የተበላበት ሰው አርባዎቹን አጋምሷል። ስሙ እንዳይጻፍ አስምሎ ነው ያወራው። ሲያወራ ግን ማንም አያቆመው፦

«ወንድሜ፣ ማሽኑ አምስት ደቂቃ ሲያርፍ እኔ ሲጋራ አጨሳለሁ። ሲጋራዬ ሳያልቅ እሱ ይነሣል። ዕረፍቱ ለሱ ነው እንጂ ለኔ አይደለም። በሰዓት ሥልሳ ዩሮ ይላል አይደል ሕጉ? እኔ በሰዓት አሥራ አምስት ዩሮ ነው የማገኘው። የአራት ሰዓት ላቤን በአንድ ሰዓት ብበላ ሕጋዊ ነው ማለት ነው።»

ሒሳቡ ትክክል ነው። ደንቡ በአማካይ የሚከሰረውን በሰዓት 20 ዩሮ ላይ አቁሞታል፤ እሱም ቢሆን ከዚህ ሰው የሰዓት ደመወዝ ይበልጣል።

ፍራንክፈርት ከቁማር ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ በከተማ ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ መንገድ፣ ባድ ሆምቡርግ አለች። ፍራንሷና ሉዊ ብላን የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1841 የቁማር ቤታቸውን የከፈቱት እዚያ ነው። በ1860 ከፍራንክፈርት የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የመንደሯ ጠበል ፈላጊና ቁማርተኛ አብሮ በዛ። ዶስቶየቭስኪ በቪስባደንና በሆምቡርግ ገንዘቡን አራግፎ ሰዓቱን እስከማስያዝ ደርሷል። ፕሩሲያ በ1866 ፍራንክፈርትንም ሆምቡርግንም ጠቀለለች፤ ለቁማር ቤቶቹም እስከ 1872 መጨረሻ ጊዜ ሰጥታ ዘጋቻቸው። ፍራንሷ ብላን ግን ቀደም ብሎ፣ በ1863፣ ወደ ሞናኮ ተሻግሮ ነበር፤ ሞንቴ ካርሎን ሞንቴ ካርሎ ያደረጋት እሱ ነው። ሆምቡርግ ቁማር ቤቷን መልሳ የከፈተችው በ1949 ነው።

የማሽኑም ዘር ወደዚሁ አገር ይመዘዛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባለ ሦስት መንኮራኩሩን የቁማር ማሽን የሠራው ቻርልስ ፌይ በባቫርያዋ ፎሪንገን የተወለደ መካኒክ ነው። የዛሬዎቹን የጀርመን ማሽኖች ፊት የሰጣቸው ደግሞ ፓውል ጋውዘልማን ነው። በ1977 «ሜርኩር» የተባለውን ማሽን አወጣ፤ የኩባንያው ምልክት የሆነችው ፈገግተኛ ቢጫ ፀሐይ ዛሬ በየከተማው በር ላይ አለች። እውነት ለመናገር፣ በፍራንክፈርት ክረምት ሐበሻ የሚያያት ፀሐይ አንዳንዴ እሷ ብቻ ናት።

ወደ ሕጉ እንመለስ። ማሽኑ የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳይ ነው። ከ2006 የፌዴራሊዝም ማሻሻያ ወዲህ አዳራሹ የየግዛቱ ሆኗል። ከማሽኑ የሚሰበሰበው ግብር ደግሞ የከተማው ነው። አንዱ እጅ ሲያስር ሌላው ሲፈታ የኖረውም ለዚህ ነው። በ2006 በአንድ መጠጥ ቤት የሚፈቀደው ማሽን ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ አለ፤ በኅዳር 2019 ተመልሶ ሁለት ሆነ። በዚያው 2006 በገንዘብ ፋንታ በቶከን የሚያጫውቱ ማሽኖች ተከለከሉ። አምራቾቹ ግን ዘዴ አላጡም፤ ገንዘቡን ወደ ነጥብ የሚለውጥ ፕሮግራም ጫኑ፤ ተጫዋቹም በአንድ ጊዜ ብዙ ነጥብ ማስያዝ ሲችል የ20 ሳንቲሟ ገደብ ወረቀት ላይ ቀረች። የ2014ቱ ማሻሻያ በዋናነት ይህን ለመድፈን የመጣ ነው።

ፍራንክፈርት ያለችበት የሄሰን ግዛት በ2012 የራሱን የቁማር አዳራሽ ሕግ አወጣ። በሁለት አዳራሾች መካከል 300 ሜትር እንዲኖር፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አዳራሾችን መደርደርም እንዲቀር ሆነ። አዳራሾቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ይዘጋሉ (በእኛ አቆጣጠር፤ ጀርመኑ ከ4 እስከ 10 ይለዋል)። ባለቤቶች ንብረታችን ተነካ፣ የመሥራት መብታችን ተጣሰ ብለው በየግዛቱ ከሰሱ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በመጋቢት 7 ቀን 2017፣ ከበርሊን፣ ከባቫርያና ከዛርላንድ የቀረቡለትን አቤቱታዎች መርምሮ ርቀቱም እገዳውም ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። የአምስት ዓመቱ የሽግግር ጊዜ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ አበቃ።

የባቡር ጣቢያውን ሰፈር የሚያውቅ ግን ይስቃል። ከካይዘርሽትራሰ ታጥፎ ወደ ታውኑስሽትራሰና ወደ ሞዘልሽትራሰ የሚሄድ ሰው የሚቆጥረው አዳራሹን ብቻ አይደለም፤ ውርርድ ቤቱ አለ፣ ሁለት ማሽን የቆመለት ቡና ቤት አለ፣ መጋረጃው የማይገለጥ የሺሻ ቤትም አለ። 300 ሜትሩ የተለካው ከአዳራሽ እስከ አዳራሽ ነው። ቡና ቤቱ አልተለካም።

ባለዕጣው የተበላውም እዚያ ነው። «አዳራሽ ውስጥ ካሜራ አለ፣ ሠራተኛ አለ፤ ያስፈራል። ቡና ቤቱ ግን ቤቴ ነው። ማሽኑ የሚከፈትበትን ቁጥር አስተናጋጇ በወረቀት ትሰጠኛለች። መታወቂያ? ማን ይጠይቃል! እሷ የምትጠይቀኝ ቡናው በወተት ይሁን ወይ ነው። ማሽኑ ደግሞ ሲጀምርህ ያጎርስሃል። የመጀመሪያ ቀን ጎረስኩ፤ ሁለተኛ ቀን ጎረስኩ። ከዚያ በኋላ ጣቴን ነው የበላው።»

ቁጥሩን ያመጣው ሕጉ ነው። ከ2021 ጀምሮ ማሽኑ ሠራተኛ ካልከፈተው አይሠራም፤ ዓላማውም ልጆች እንዳይነኩት፣ አዋቂውም በአንድ ጊዜ ሁለት ማሽን እንዳይዝ ነው። ቡና ቤቱ የመታወቂያ ምርመራውን በእርግጥ ማድረጉን ማን፣ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚያይ የተጠየቀ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ «በጽሑፍ ያቅርቡ» አለ። በጽሑፍ ሲቀርብለት፣ ሱስን ስለመከላከል የተዘጋጀ ባለ ቀለም በራሪ ወረቀት ላከ።

በጀርመን ከ18 እስከ 70 ዓመት ካሉት ነዋሪዎች 1.3 ሚሊዮን ያህሉ የቁማር ሕመም እንዳለባቸው በ2023 የወጣው የአገሪቱ የቁማር አትላስ ይገልጻል። የፈረሰው ትዳር፣ ለእናት ሳይላክ የቀረው ገንዘብ፣ የተሰረዘው የቤተሰብ ማምጣት ጉዳይ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

ሌሎች አገሮች ከማሽኑ አልፈው ወደ ሰውየው ሄደዋል። ኖርዌይ በሐምሌ 2007 ማሽኖቹን ጠቅልላ ከለከለች፤ በኋላ የመለሰቻቸው የግል ካርድ የሚጠይቁ፣ የኪሳራ ጣሪያውም በሰው የሚቆጠርባቸው የመንግሥት ማሽኖች ናቸው። እንግሊዞች በውርርድ ቤት ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ከ100 ፓውንድ ወደ 2 ፓውንድ ያወረዱት በሚያዝያ 2019 ነው፤ ጉዳዩ ሲዘገይ ሚኒስትሯ ትሬሲ ክራውች ሥልጣኗን ለቃለች። በአገር ቤትም የቤቲንግ ነገር ስንት ወላጅ እንዳስለቀሰ አንባቢ ያውቃል። ቲኬት መቁረጥ ለምዶ የመጣ ወጣት ፍራንክፈርት ሲደርስ አዲስ የሚሆንበት ቋንቋው ብቻ ነው።

ጀርመንም በእውነት ሰውየውን የሚይዝ መሣሪያ አላት። ኦአሲስ ይባላል፤ የታገዱ ተጫዋቾች መዝገብ ነው። የሚመራው ፍራንክፈርትን በሚያስተዳድረው የዳርምሽታት መስተዳድር ነው። ሄሰን በ2014 ለአዳራሾቹ ግዴታ አደረገው፤ ከሐምሌ 2021 ወዲህ በመላ አገሪቱ የቁማር አዳራሽ፣ ውርርድ ቤት፣ ባለ ማሽን ቡና ቤትና የኢንተርኔት ቁማር ሁሉ ተጫዋቹን በመዝገቡ ሳያጣራ ማጫወት አይችልም። በ2023 በመዝገቡ ከ200,000 በላይ እገዳ ነበር። ባለዕጣው እህቱ ይዛው ሄዳ ተመዘገበ። «በሩ ላይ ልጁ ኮምፒዩተሩን አየና አይቻልም አለኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እንደዚያ ቀንም ተንፍሼ አላውቅም» ይላል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ፍርድ አጭር ነው፦ ሰከንድ ቆጠራው ይቀጥል፣ ነገር ግን ፍተሻው ቡና ቤቱ ጥግ ካልደረሰ መዝገቡ ግማሽ በር ነው። ለዚያ መልስ የሚሰጡት ከተማውና ግዛቱ ናቸው። እስከዚያው ሐበሻው ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። በፍራንክፈርትና በአካባቢው ያላችሁ የኮሙኒቲ ማኅበራትና ሰበካ ጉባኤዎች የእገዳውን ቅጽ በአማርኛና በትግርኛ ማብራሪያ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ። ማመልከቻው ክፍያ የለውም፤ በማንኛውም ቁማር አዳራሽ ወይም ውርርድ ቤት ሊሰጥ፣ ወይም በቀጥታ ወደ ዳርምሽታት ሊላክ ይችላል። ራሱን የሚያግድ ሰው ካላሳጠረው በቀር እገዳው ቢያንስ አንድ ዓመት ነው፤ ከሦስት ወር በታች አይፈቀድም፤ ጊዜው ቢያልፍም ራሱ በጽሑፍ ካልጠየቀ አይነሣም። ቤተሰብም ማስረጃ ይዞ ማመልከት ይችላል። ነፃው የምክር ስልክ 0800 1 37 27 00 ነው።