በረመዷን ራሳችንን ለምን ያመናል?



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በረመዷን የመጀመሪያ ቀናት ከዙህር በኋላ ግንባራቸውን በሻሽ አስረው የሚውሉ በየቤታችን አሉ። ከፊሎቹ «ጾም አይስማማኝም» ይላሉ። ከፊሎቹ የኢማን ማነስ እየመሰላቸው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። እኛ ግን ሕመሙ ምክንያት አለውና ምክንያቱን እንወቅ እንላለን።

አንጎላችን ዋነኛ ኃይሉን የሚያገኘው በደም ውስጥ ካለው ስኳር ነው። ምግብ ሲዘገይ ጉበት ያጠራቀመውን እየለቀቀ ያቆየዋል። ይሁንና ስኳራቸው ከልክ ሳይወርድም ራሳቸውን የሚታመሙ አሉ። ሐኪሞች 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይበሉ በመቆየት የሚመጣን ራስ ምታት ለብቻው መድበው ያውቁታል። ማይግሬን ያለበት ሰው ይበልጥ ይጠቃል። የውኃ ጥማትና የእንቅልፍ እጦትም ያባብሱታል።

በእኛ አገር ደግሞ ቡና አለ። ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠባል፤ በድንገት ሲቋረጥ ይሰፋሉ። ከአቦል እስከ በረካ የለመደ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሸዕባን አጋማሽ ጀምሮ ስኒውን ቀስ በቀስ መቀነስ ይበጃል።

ሁለተኛው መፍትሔ ሱሑር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በረካ ያለበት መሆኑን ነግረውናል፤ ወደ ፈጅር ማዘግየቱም ሱንና ነው። እንቅልፍ አሸንፎት ከመግሪብ እስከ መግሪብ የሚጾም ሰው ሱንናውንም ያጣል፣ ሕመሙንም ይሸከማል። ቅንጬ፣ እንቁላል ወይም ባቄላ ከበቂ ውኃ ጋር ይበቃል፤ ጨው የበዛበት ምግብ ግን ያስጠማል። መግሪብ ሲገባም በተምርና በውኃ ፈጥኖ ማፍጠር ነው።

አደራ የምንለው ግን ለስኳር ሕመምተኞች ነው። ራስ ምታቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ካስከተለ፣ ወይም ሲለካ ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ፣ ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ወዲያውኑ ያፍጥር። እናቶቻችን «ትንሽ ነው የቀረኝ» ሲሉ ቤተሰቡ ዝም ብሎ አይመልከት። ቀኑን በኋላ ቀዷ ያወጣሉ፤ ቀዷ ማውጣት ለማይችል ዘላቂ በሽተኛም ፊድያ አለ። አላህ (ሱ.ወ) ለበሽተኛ ያገራውን መተው ጀግንነት አይደለም። መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አላህ ጾማችንን በጤና ያስፈጽመን፣ ይቀበለንም። አሚን።