ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በጃፓን

ከተማሪዎቻችን አንዱ «የአምባሳደር ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። ለብዙ ሰው የአምባሳደር ሥራ ግብዣና የክብር ልብስ ይመስለዋል። ነገር ግን ለአገሩ የተላከ ሰው፣ ሲመለስ ምን ይዞ እንደ ገባ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ለልጁም ለአንባቢዎቻችንም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ያደረጉትን ጉዞ ልናወሳ ወደድን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሊቅ ናቸው። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሄደዋል፤ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንን ተከትለው አውሮፓን ጎብኝተዋል። እንግዲህ ባሕር መሻገር ለእርሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም።

ኢትዮጵያና ጃፓን በ1919 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው፣ በኅዳር 1923 ዓ.ም. ውሉን አሻሽለውት ነበር። ጃፓን ነፃነቷን ጠብቃ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ በትምህርትና በፋብሪካ ከታላላቆች መንግሥታት ጋር በመስተካከሏ፣ የአገራችን የተማሩ ሰዎች እንደ ምሳሌ ይመለከቷት ነበር። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም ብዙ ነገር የወሰደው ከጃፓን ሕገ መንግሥት ነው።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ በልዩ አምባሳደርነት ተሹመው በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ተጕዘው በጥቅምት ወር መጨረሻ ጃፓን ደረሱ። በንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀርበው መልእክታቸውን አደረሱ፤ ሁለት ወር ያህል ሰንብተውም የአገሪቱን ልዩ ልዩ ሥራ ጎበኙ። ከተመለሱም በኋላ ያዩትን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም፤ በዚያው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ባሕር አይቶ የማያውቀው አንባቢ በቤቱ ተቀምጦ የሩቅ ሕዝብን ታሪክና ልማድ ለመማር ቻለ።

ንግዱስ ምን ሆነ? በእነዚያ ዓመታት የጃፓን የጥጥ ጨርቅ ገበያችንን ሞላው፤ በዋጋው ርካሽነት ምክንያት ድኻው ሳይቀር ገዝቶ ለበሰው። ነገር ግን እኛ ለጃፓን የሸጥነው ከገዛነው እጅግ ያነሰ ነበር። የተሠራውን ልብስ መግዛት ቀላል ነው፤ ልብሱን የሚሠራውን ጥበብ ወደ አገር ማስገባት ግን ረጅም ጊዜና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ወዳጅ የሚታወቀው በችግር ቀን ነው። ኢጣልያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በወረረችን ጊዜ ከጃፓን ሕዝብ ብዙው ለእኛ አዘነ። መንግሥቱ ግን ጥቅሙን አስቀድሞ፣ በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላነት በመለወጥ ከኢጣልያ ጋር ተስማማ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ዐረፉ።

ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ቀረ እንበልን? አንልም። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በ1947 ዓ.ም. ታድሶ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ጎበኙ። ይህም ሁሉ ሲሆን መጽሐፉ በቦታው ነበረ። የተገዛው ጨርቅ አርጅቶ ተቀደደ፤ ውሉም በክፉ ቀን ላላ፤ የተጻፈው ዕውቀት ግን ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

ዛሬ ለትምህርትም ሆነ ለእንጀራ ባሕር ተሻግረው የሚኖሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ማንም ሹመት ባይሰጣቸውም ሁሉም መልእክተኞች ናቸው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ደብዳቤ ሲጽፍላችሁ ስለ ላከው ገንዘብ ብቻ አትጠይቁት፤ ምን አየህ፣ ምንስ ተማርህ በሉት። ያን ጊዜ የላካችሁት ልጅ ለአገሩ ምን ይዞ እንደሚመለስ ማሰብ ይጀምራል።