ለሞተር ብስክሌት የሚስማማው ዘይት የትኛው ነው?

ከኢሲዮሎ ሞያሌ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ከእርሱ ወጣ ሲሉ የሚጠብቀው ድንጋይና አቧራ ነው። በዚያ ላይ ሰውና ዕቃ በሞተር ብስክሌት እያመላለሰ ቤተሰቡን ለሚያስተዳድር ሰው፣ ሞተሩ ቆመ ማለት የልጆቹ ጉርስ ተቋረጠ ማለት ነው። ስለዚህ ዘይት ሲገዛ ከዋጋው በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

በአብዛኞቹ መኪናዎች ፍሪሲዮኑ የሞተሩ ዘይት አይነካውም። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶች ግን ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም የሚሠሩት በአንድ ዘይት ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ የሚያሟልጭ ቅመም ይጨመርበታል፤ ይህም ፍሪሲዮኑን ስለሚያንሸራትተው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ስለዚህ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ያለውን ምረጡ።

«20 ደብልዩ 50» ሲል፣ 20 ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ 50 ደግሞ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። የትኛው ቁጥር እንደሚስማማ የሞተሩ መመሪያ ይናገራል።

በመጨረሻም፣ አቧራ ዘይትን ቶሎ ያበላሻልና የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፤ ዘይቱንም የመቀየሪያው ጊዜ ሳያልፍ ቀይሩ።