በኪራይ በተያዘ ተሽከርካሪ ላይ የጥገናን ወጪ ማን ይክፈል?

ሰው የራሱን ንብረት ሲጠብቅ ብዙ ምክር አያስፈልገውም፤ ጥቅሙ ራሱ ይመክረዋልና። የሌላውን ንብረት በውል ተቀብሎ ለተወሰነ ጊዜ ሲገለገልበት ግን ሁለት ሐሳብ በልቡ ይነሣል። አንደኛው፣ «ነገ ለባለቤቱ ለምመልሰው ነገር ዛሬ ስለ ምን ገንዘቤን አወጣለሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «በእጄ ሳለ ቢበላሽ ምን መልስ እሰጣለሁ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ብቻውን የገዛው ሰው ወደ ቸልተኝነት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ብቻውን የገዛውም የማይገባውን ወጪ ያወጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ቀና መንገድ እናገኝ ዘንድ በከተማችን በድሬዳዋ በየቀኑ የምናየውን የተሽከርካሪ ኪራይ ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ሳቢያን ሕዝቡን የምታመላልሰው ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ ናት። ከሚነዷት ሰዎች ብዙዎቹ ባለቤቶቿ አይደሉም። ሹፌሩ ለባለንብረቱ በየዕለቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ቤንዚኑን በራሱ ገንዘብ ይሞላል፤ ከዚያ የተረፈው የእርሱ ድካም ዋጋ ነው። ዘይት መለወጥና ጥገና ግን አንዳንዱ ዘንድ በባለንብረቱ፣ አንዳንዱም ዘንድ በሹፌሩ ይሸፈናል። ብዙ ጊዜም በቃል የተነገረ እንጂ በጽሑፍ የሰፈረ ነገር የለም፤ ክርክር የሚነሣውም ከዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልን አንድ ምሳሌ እናቁም። ባላቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት በዕቁብ ባገኙት ገንዘብ ባጃጅ ገዝተው፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉት ወጣት አከራዩ እንበል። ከውሉ ሦስት ወር ሲቀረው ወጣቱ ባጃጇን ወደ ጋራዥ ይወስዳታል። መካኒኩም መርምሮ አምስት ነገር ይዘረዝርለታል፤ የሞተሩ ዘይት ይለወጥ፣ የአየር ማጣሪያው ይለወጥ፣ የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ የኋላው ጎማ ተልጧል፣ የወንበሩም ልብስ ቢታደስ ይሻላል ይለዋል። ወጣቱ ወደ ባለንብረቷ ሄዶ፣ «እማማ፣ ይህ ሁሉ ይሠራ ተብሏል፤ እኔ ግን የቀረኝ ሦስት ወር ብቻ ነው» ይላል። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ የምትነዳት አንተ፣ የምታደክማትም አንተ፤ እኔ ከዕለት ገቢዋ በቀር ምን አለኝ?» ይላሉ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። የእናቲቱ የወር አስቤዛ የሚመጣው ከዚያች ባጃጅ ነው፤ የወጣቱም ልጆች እንጀራ ከእርስዋው ነው። በሁለቱ ንግግር ውስጥ ያልተሰማ ግን አንድ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ተሳፋሪው ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሳፈረው ሕፃን የፍሬኑ ሸራ ማለቁን አያውቅም፤ በክርክሩም ላይ ተቀምጦ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ወጪውን ለማካፈል ከመነጋገር አስቀድሞ የእርሱን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል።

የኪራይ ነገር በአበው ዘንድ አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 የባልንጀራውን እንስሳ ስለ ተዋሰ ሰው ሲናገር፣ ባለቤቱ በሌለበት እንስሳው ቢጎዳ ተዋሹ እንዲከፍል ያዝዛል፤ በኪራይ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ በኪራዩ ዋጋ እንደ ተቆጠረ ያስተምራል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ጥልቅ ነው። ኪራይ የሚቀበል ሰው የሚቀበለው ትርፍ ብቻ አይደለም፤ የንብረቱን የድካምና የማርጀት ዋጋም ጭምር ነው። እንግዲህ የዕለቱን ገቢ ሁሉ ለአስቤዛ የሚያውል ባለንብረት ሳያውቀው ከጎማውና ከሞተሩ ላይ ቆርሶ እየበላ ነው። በአንጻሩም ተከራዩ ንብረቱን ከልክ በላይ ቢያደክም ወይም ከጥንቃቄ ጉድለት ቢሰብር፣ ያ በኪራዩ ውስጥ የተቆጠረ ድካም ነው ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

የአገራችንም ሕግ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ «በውሉ ምን ተባባልን?» የሚለው ነው። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ ባለንብረት፣ «መሪው በእኔ እጅ አይደለም» በማለት ብቻ ነጻ አይወጣም። ሹፌሩም ፍሬን እንደሌለው እያወቀ ቢነዳ ከሕሊናውም ከወንጀል ሕግም ፊት ይቆማል።

አሁን ወደ መካኒኩ ዝርዝር እንመለስ። ዝርዝሩን በሦስት መክፈል ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ክፍል ነፍስን የሚመለከት ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና መብራት በዚህ ይገባሉ። በዚህ ክፍል «ይከፈል ወይስ አይከፈል?» የሚል ጥያቄ የለም፤ የሚነሣው «ከማን ኪስ?» የሚለው ብቻ ነው፤ እርሱም ሥራው ካለቀ በኋላ ሊነሣ ይችላል። የአገራችን አቀማመጥ ይህን ያጸናዋል። ከሐረር መንገድ በደንገጎ አቀበት ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሚኒባስ ረጅሙን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ ቢመጣ ሸራው ይግላል፤ ግለቱም ወደ ፍሬኑ ዘይት ይተላለፋል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። እርጥበት ያገኘው ዘይት ሲግል ይፈላል፤ በውስጡም እንፋሎት ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ ሹፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይወርዳል እንጂ መኪናው አይቆምም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ምእመናንን የሚያመላልሱ ሁሉ ይህን በልባቸው ሊያኖሩት ይገባል።

ሁለተኛው ክፍል የሠሪው ፋብሪካ በመጽሐፉ ጊዜና ኪሎ ሜትር ወስኖ ያዘዘው የዘወትር አገልግሎት ነው፤ የሞተር ዘይት፣ የዘይትና የአየር ማጣሪያ፣ ካንዴላ በዚህ ይቆጠራሉ። ዘይት የሞተሩን ብረቶች ከመፋጨት ይጠብቃል፤ ሙቀትን ይሸከማል፤ እድፍን ያነሣል። ሲያረጅ ግን ይህን ሥራውን ይተዋል። እንደ ባጃጅ ያለ ትንሽ ሞተር የሚይዘው ዘይት ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ይቆሽሻል። ድሬዳዋም ቆላማና ሞቃት ናት፤ በበጋ የደቻቱ አሸዋና አቧራ በየመንገዱ ይነሣል። የፋብሪካዎች መጽሐፍ ሙቀትና አቧራ በበዛበት ስፍራ አገልግሎቱ ከተለመደው ጊዜ እንዲያጥር የሚመክረው ስለዚህ ነው። ይህ ወጪ ከሥራው ጋር አብሮ የሚሄድ ነውና፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር የሚነዳው ሰው እንደ ቤንዚን ቢቆጥረው ከእውነት የራቀ አይሆንም። ቆጥቦ መተዉም አያዋጣም። ለምሳሌ ያህል ዘይቱና ማጣሪያው የሁለት ቀን ገቢ ቢፈጁ፣ ሞተሩ ተበላሽቶ ባጃጇ ለሃያ ቀን ብትቆም የትኛው እንደሚከብድ ሕፃን ልጅ አስልቶ ይነግረናል።

ሦስተኛው ክፍል፣ «ቢደረግ ይሻላል» የሚባለው ነው፤ የወንበር ልብስ ማደስ፣ ቀለም መቀባት፣ ገና የሚያገለግለውን ዕቃ አስቀድሞ መለወጥ በዚህ ይገባል። የጋራዥ ሰው ሁሉ አታላይ ነው አንልም፤ ነገር ግን ሥራ በበዛለት መጠን ገቢው የሚጨምር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ ያረጀውን ዕቃ አሳየኝ ማለት፣ ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር ማስተያየት፣ ሌላ መካኒክም መጠየቅ ነውር አይደለም። እንዲህ ያለው ወጪ ጥቅሙ ከውሉ ዘመን አልፎ ለባለንብረቱ የሚተርፍ ስለ ሆነ፣ ተከራዩ ያለ ባለንብረቱ ፈቃድ ሊያወጣው፣ ባለንብረቱም በተከራዩ ላይ ሊጭነው አይገባም።

ጎማን የመሰለው ግን ነፍስን የሚመለከት ሆኖ ሳለ ከውሉም ዘመን በላይ ይኖራል። ስለ እርሱ በውሉ የተነገረ ከሌለ ወጪውን በጊዜ ማካፈል ይቻላል። አዲሱ ጎማ ዐሥራ ሁለት ወር ያገለግላል ብንልና ከውሉ የቀረው ሦስት ወር ቢሆን፣ የተከራዩ ድርሻ ከአራት አንድ፣ የባለንብረቱ ድርሻ ከአራት ሦስት ይሆናል። ሹፌሩ አስቀድሞ ከፍሎ ከዕለት ገቢው ቀስ በቀስ ቢያቻችለው እናቲቱም በአንድ ጊዜ አይጨነቁም።

ንብረትን ለተወሰነ ዘመን መያዝ ምን እንደሚመስል ለማየት የድሬዳዋ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከተማችን የተወለደችው ከእንዲህ ያለ ውል ነውና። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ የፈቀዱት ለ99 ዓመት ዘመን ነበር፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በድሬዳዋ የተቋቋመው የባቡር መጠገኛ ለብዙ ሰዎች የብረት ሥራ ትምህርት ቤት ሆነ። በኋለኛው ዘመን ግን የሐዲዱና የባቡሮቹ ጥገና እየዘገየ ሄደ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ቆመ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው አዲሱ ባቡር ደግሞ ለስድስት ዓመት በቻይና ኩባንያዎች አስተዳደር ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያና ወደ ጅቡቲ ባለሙያዎች እጅ ተላለፈ። ለዘመን የተያዘ ነገር ሁሉ የርክክብ ቀን አለው፤ በዚያ ቀንም ቅባት ያላገኘው ብረት ይመሰክራል።

በውጭ አገርም ሥርዐቱ ይህንኑ ይመስላል። በአሜሪካ ብዙ ሰዎች የግል መኪና ለጥቂት ዓመታት በኪራይ ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የኪራይ ሕግ አከራዩ የጥገናው ኃላፊ ማን እንደ ሆነና መኪናው ሲመለስ ምን ያህል ማርጀት እንደሚፈቀድለት በጽሑፍ እንዲገልጥ ያስገድዳል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ መጥቷል። እነዚህ የሞተር ዘይት አይሹም፤ ጎማ፣ ፍሬንና መሪ ግን ለእነርሱም አሉና ጥያቄው መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

እንግዲህ ውል ስትዋዋሉ አንድ ገጽ ወረቀት አትሰስቱ። ዘይት በማን፣ ጎማና ፍሬን በማን፣ የሞተር ብልሽት በማን እንደሚሠራ ጻፉ። በርክክቡ ቀን የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና ያለውን ጉድለት መዝግቡ። ለተሠራው ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ባለንብረትም ከሚቀበለው ገቢ በየሳምንቱ ጥቂት ለጥገና ያኑር። በምሳሌያችንም ወጣቱ ዘይቱንና ማጣሪያውን ይክፈል፤ ጎማውን እንደ ዘመኑ ይካፈሉ፤ ያለቀውን የፍሬን ሸራ ባለንብረቷ ይቻሉ፤ የወንበሩ ልብስ ይቆይ። ወንጌል በሌላው ገንዘብ ያልታመነ ሰው የራሱን ሊቀበል እንደማይገባው ያስተምረናል። ዛሬ የሰው ባጃጅ በታማኝነት የያዘ ሹፌር ነገ የራሱን ሲይዝ ያው እጅ ይከተለዋል፤ ባለንብረትም የሚነዳለትን ሰው ድካም ካከበረ ንብረቱ በመልካም እጅ ይኖራል። ባጃጇ ግን የፍሬኑ ሸራ ሳይለወጥ ነገ ጠዋት ሕፃናት አሳፍራ ከግቢ አትውጣ።